19 ቁጥር

ይድረስ ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወርዋሪ፤

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። 19 ዓመትህ ነው። አምና ሃይስኩል ጨረስክ። ቤዝቦል ትወረውራለህ፣ ግን ስኮላርሺፕ የሰጠህ ኮሌጅ የለም። አሁን ማታ ማታ ዋሽንግተን ፓርኪንግ ትሠራለህ። እናትህ «ዓመቱን አባከንከው፣ ነርሲንግ ግባ» ይሉሃል። አንተ ደግሞ ትምህርቱን ትተህ አንድ ዓመት ብቻህን ልትለማመድ አስበሃል። «ጃፓናዊው ወርዋሪ ኮጂ ኡኤሃራም ዘግይቶ ነው የታየው» ብለሃል። እሱን ባታነሳ ኖሮ መልሴ አጭር ይሆን ነበር።

ኡኤሃራ አሜሪካ መጥቶ ለባልቲሞርም ለቦስተንም ሲጫወት ጀርባው ላይ 19 ቁጥር ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሃይስኩል እያለ የቡድኑ ዋና ወርዋሪ እንኳ አልነበረም። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወደቀ። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ልጅ «ሮኒን» ይሉታል፤ ጌታ የሌለው ሳሙራይ እንደማለት ነው። 19 ዓመት የሞላበትን ያን ዓመት ሲያጠና፣ ጂም ሲሠራና ማታ በጥበቃ ሥራ ሲያድር አሳለፈ። ቁጥሩ የዚያ ዓመት ማስታወሻ ነው።

ለእናትህ ይህን ንገራቸው። ለአንተ ደግሞ የምነግርህ ሌላ ነው፤ ታሪኩን በሚመችህ ቦታ ላይ አትቁረጠው። ኡኤሃራ ያን ዓመት ተጫዋች የሚመርጥ መልማይ ሲጠብቅ አልነበረም። የስፖርት መምህር ለመሆን ነበር የሚያጠናው! በሁለተኛው ሙከራ አለፈ፣ ኦሳካ ያለ የስፖርት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ወርዋሪነቱም የታየው እዚያ ነው። በ1998 የጃፓኑ ቡድን ዮሚዩሪ ጃይንትስ መረጠው። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ1999፣ 20 ጨዋታ አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ፤ ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳዋሙራ ሽልማትም ወሰደ። ትምህርት ቤት ባይገባ ማን ያየው ነበር?

«ኳሴ በሰዓት 84 ማይል ብቻ ነው» ብለህ ተጨንቀሃል። በ2013 ኡኤሃራ 38 ዓመቱ ነበር። መጨረሻ ላይ ገብተው ጨዋታ የሚዘጉት ሁለቱ ወርዋሪዎች ስለተጎዱ ነው ቦስተን ወደ እሱ የዞረው። የሱም ኳስ 90 ማይል አይሞላም ነበር። ያ ዓመት ግን 101 መቺ በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱለት፣ ሲያስወጣ፣ አራት ኳስ ከዒላማ ውጭ ወርውሮ በነፃ ያሳለፈው 9 ብቻ ነው። የዋንጫውን የመጨረሻ ኳስ የወረወረውም እሱ ነው። አንተ ስለ ፍጥነትህ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ኳስህ የት እንደሚያርፍ አንድ መስመር አልጻፍክም።

ስለዚህ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ግባ። የቤዝቦል ቡድን ያላቸው አሉ፣ ክፍያውም ከሌላው ይቀላል፣ ሁለት ዓመት ተምረህ ወደ ትልቁ ትዛወራለህ። አድልተሃል ካልከኝ እውነትህን ነው። እኔም እንደ አንተ ፓርኪንግ ነው የጀመርኩት። ኬሚስትሪ መጽሐፌን ከቲኬት ማሽኑ ጀርባ ደብቄ ሁለት ክረምት አጥንቻለሁ፤ የሽፋኑ ጫፍ በማሞቂያው ተጠብሶ ነበር። አለቃዬ ሲመጣ እግሬ ሥር እወረውረዋለሁ። (ወርዋሪነት በኔም አለ ማለት ነው።)

እናትህን በተመለከተ፣ ነርሲንግ ጥሩ ሙያ ነው፣ ለሚፈልገው። ደም ሲያይ የሚያዞረው ልጅ፣ ራስህ ነህ የጻፍከው፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሚደረግ ፉክክር ነርስ አይሆንም። በዕድር ላይ «የእከሌ ልጅ እኮ ነርስ ሆነ» መባሉ የአንተን ወርኃዊ ሂሳብ አይከፍልም። ግን እሳቸውም የፈሩት ቤዝቦሉን አይመስለኝም፤ ቁጭ ማለትህን ነው። የምዝገባ ወረቀት አሳያቸው፣ ነገሩ ይበርዳል።

«መልማዮች ያዩሃል» ተብሎ ገንዘብ ለሚጠየቅበት ካምፕ አትክፈል። ክንድህን የሚያምህ ከሆነ መወርወር አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ። ለአገር ቤት የምትልከውን ብር አሁን መቀነስ ነውር አይደለም።

የኮሌጁን አሠልጣኝ ስታገኘው ስለ ማይል አታውራለት። በየጨዋታው ስንት ሰው በነፃ እንዳሳለፍክ የያዝክበት ደብተር ካለህ እሱን ይዘህ ሂድ። ከሌለህ ቅዳሜ ስትጫወት ጀምር።