ርካሹ ጉዝጓዝ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የ18 ዓመት ባዝራ አለችኝ፤ ሌሊቱን ጋጣ ውስጥ ታድራለች። እስካሁን የምጎዘጉዝላት የስንዴ ጭድ ነው። ግማሹን ትበላዋለች፣ ግማሹን ታረጥበዋለች፤ እኔም በየጠዋቱ ሁሉንም ጠርጌ አውጥቼ አዲስ አነጥፋለሁ። ወጪው ከብዶኛል። ሰጋቱራ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ የጎማ ምንጣፍ ብቻውን ይበቃል የሚሉም አሉ። እሷን ሳልጎዳ ወጪዬን እንዴት ልቀንስ?

መልስ፦ እኔም ለብዙ ዓመት የምቆጥረው የምገዛውን ጭድ ብቻ ነበር። ገንዘቤ የት እንደሚሄድ የገባኝ የማወጣውን መቁጠር ስጀምር ነው። አንድ ሳምንት በየጠዋቱ በእጅ ጋሪ የማወጣውን እያንዳንዱን ዙር ግድግዳው ላይ በከሰል እያሰመርኩ፣ የተጣለውን በመንሽ እየገለበጥኩ አየሁት። ከግማሽ የሚበልጠው ደረቅና ንጹሕ ነበር! ስለዚህ ጉዝጓዙን ከመለወጥዎ በፊት አጠራረግዎን ይለውጡ። ፋንድያውን ያንሡ፤ ሽንት የጠጣውን ቦታ ፈልገው እስከ ወለሉ ድረስ ያውጡ፤ ደረቁን ወደ ግድግዳው ጥግ ሰብስበው ወለሉ ቀኑን ሲናፈስ ይዋል። ማታ መልሰው ይበትኑትና የጎደለውን ብቻ ይሙሉ። አንድ ፈረስ በቀን 10 ሊትር ገደማ ይሸናል፤ ብዙዎቹ ግን ቦታ ይመርጣሉ። የባዝራዎን ቦታ ካወቁ እዚያ ወፈር፣ ሌላው ጋ ሳሳ አድርገው መጎዝጎዝ ይችላሉ።

የሚያሳስበኝ ጭዱን መብላቷ ነው። ጥቂት መቃም ለጤነኛ ፈረስ ክፉ አይደለም። በ18 ዓመቷ ግን ጥርሷ አልቆ ወይም ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ያልታኘከ ጭድ አንጀት ውስጥ ይቋጠርና ከባድ የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ጥርሷን የእንስሳት ሐኪም ይይላት። ሌሊት ላይ ድርቆሽ የሚያልቅባት ከሆነም መኝታዋን መብላቷ አይገርምም፤ የፈረስ ሆድ ረጅም ሰዓት ባዶ እንዲቆይ አልተፈጠረም።

ለእሷ የምመርጠው የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ማለትም መላጊያ የሚጥለው ሰፋፊ ቅርፊት። ከሰጋቱራ ይለዩት። ዳማ ፈረስ በነበረኝ ጊዜ ከአንድ እንጨት ቤት ሰጋቱራ በነጻ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ጎዘጎዝኩለት። በሦስተኛው ሳምንት ለሥራ ሳወጣው ማሳል ጀመረ። ማታ በባትሪ ብርሃን ጋጣውን ሳየው አየሩ በደቃቅ ብናኝ ተሞልቷል። ሁሉንም አውጥቼ ከጣልኩ በኋላም ሳሉ ለመጥፋት ሳምንታት ፈጅቶበታል። ያንን ሳስታውስ ዛሬም ይቆጨኛል። ፍቅፋቂም ቢሆን ከየትኛው እንጨት እንደመጣ ይጠይቁ። ጥቁር ዋልነት የሚባለው ዛፍ ፍቅፋቂ ከተቀላቀለበት በአንድ ቀን ውስጥ ሰኮናን ከውስጥ አስቆጥቶ ፈረስን መርገጥ ያስከለክላል። ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካው እንጨትም አይግባ።

የጎማ ምንጣፍ ሽንት ስለማይመጥ ብቻውን ጉዝጓዝ አይሆንም። ጥቅሙ ጉዝጓዙን ለማሳሳት ማስቻሉ ነው፤ ከሥሩ ሽንት እንዳይተኛ ግን አልፎ አልፎ እየተነሣ መታጠብ አለበት። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ድብን ያለ እንቅልፍ የሚተኛው ግን ተጋድሞ ነው፤ ለዚህም በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። መኝታው ካልተመቸው ሳይተኛ ይቆይና ቆሞ እያለ እንቅልፍ ሲጥለው የፊት እግሩ ይከዳዋል። በጉልበቷ ወይም በቁርጭምጭሚቷ ፊት ላይ የተላጠ ነገር ካዩ ይህን ያስቡ።

ሁለት ዓይነት ጉዝጓዝ ለማወዳደር ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ ደረቁን ይመዝኑ፤ ለየብቻ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያጥልሉና እንደገና ይመዝኑ። የያዘውን ውኃ ከዋጋው ጋር ሲያስተያዩት ርካሹ ይለያል። በዚህ ላይ የፋንድያው ክምር ምን እንደሚሆንም ያስቡ፦ ጭድ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አትክልተኛም ይወስደዋል፤ ፍቅፋቂ ግን ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ የሚወስደውም አይበዛም።

ቁጠባው እንዳልበዛ የሚነግርዎት አፍንጫዎ ነው። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ይግቡና በርከክ ብለው ከወለሉ አጠገብ ይተንፍሱ፤ እሷ ተኝታ የምትተነፍሰው ያንን አየር ነው። አሞኒያው፣ ማለትም ከሽንት የሚወጣው የሚሰነፍጥ ጋዝ፣ ዓይንዎን ካቃጠለ እርጥቡ በደንብ አልወጣም። ሳንባዋ ብቻ ሳይሆን ሰኮናዋም በእርጥብ ላይ ይበሰብሳል።

የጋጣው ወለል ሲሚንቶ ከሆነና ተዳፋት ካለው ምንጣፉን አንጥፈው፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍቅፋቂ ይጎዝጉዙላት፤ በግድግዳው ሥር ከፍ ያድርጉት። በማግስቱ ጎኗና ጋማዋ ላይ ፍቅፋቂ ተጣብቆ ካገኙ ባዝራዎ ተጋድማ ተኝታለች ማለት ነው።