ከቁጥሮቹ በስተቀኝ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መሐንዲስ መንገድ ላይ አግኝታኝ አብረን ትንሽ ሄድን። ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። "ጋሼ፣ ሙያውን ወድጄ ነበር የተማርኩት። አሁን ግን ጠዋት ስነሳ ምንም ደስ አይለኝም። እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻሉት?" አለችኝ። ታክሲው መጣና ሳልመልስላት ተለያየን። ቤት ገብቼ ግን ጥያቄዋ አላስተኛኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚሰማችሁም ነው።

እኔ የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። በሥራው ቋንቋ ሰርቬየር። በ1974 ዓ.ም. ጀምሬ ጡረታ እስክወጣ ሌላ ሙያ አላውቅም። መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ መጀመሪያ ቦታው ላይ የሚደርሰው ቀያሽ ነው። ዶዘሩም፣ ሮለሩም፣ አስፋልቱም ከዓመታት በኋላ ይመጣሉ። ሪባኑ ሲቆረጥ እኔ ሌላ አገር ሌላ ችካል እቸክላለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን መንገድ ሲመረቅ የቆምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ደስታዬን ለምረቃ ቀን አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን የተደሰትኩት ሁለት ቀን ብቻ ይሆን ነበር።

ብዙዎቻችሁ እንዲህ ስታስቀምጡ አያለሁ። ማስተርሱ ሲያልቅ። እድገቱ ሲመጣ። ኮንዶሚኒየሙ ሲደርስ። ቪዛው ሲወጣ። ሁሉም ይምጣላችሁ፣ ምኞቴ ነው። ግን እስከዚያ ያለው ማክሰኞና ረቡዕም ከዕድሜያችሁ ላይ ነው የሚቆጠረው።

ከሥራው ልጀምር። ከፍታ የምንለካው ሌቭል በሚባል መሣሪያ ነው። በሦስት እግሩ ከቆመ በኋላ ውሃ ልኩን ማስተካከል ያስፈልጋል። ትንሽ ክብ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት አረፋ አለች። ከሥር ያሉትን ሦስት ብሎኖች በጣቴ ቀስ አድርጌ ሳዞር አረፋዋ ትንሳፈፋለች፣ ታመነታለች፣ ከዚያ መሃል ላይ መጥታ ጸጥ ትላለች። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ይደገማል። ለብዙ ሰው አሰልቺ ነው። እኔ ግን አረፋዋ መሃል ስትገባ በመጀመሪያው ቀን ደስ እንዳለኝ በመጨረሻውም ቀን ደስ ብሎኛል። የሆነ ነገር በእጄ ልክ ሲመጣ ሰውነቴ ያውቀዋል።

በእናንተም ሥራ እንዲህ ያለች አረፋ አለች። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ሲመጣላት። ነርሱ በአንድ ሙከራ ደም ሥር ሲያገኝ። ልብስ ሰፊው ዚፑ ሳይሸበሸብ ሲገባለት። የምትቆየው ለቅጽበት ስለሆነ ቸኩላችሁ አትለፏት። እዚያች ላይ አንድ ትንፋሽ ቁሙ።

ሁለተኛው ነገር እረፍት ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ስንሠራ ረፋዱ ላይ መሬቱ ይግልና አየሩ እንደ ውሃ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስታፍ የምንለው ባለ ቁጥር ረጅም ዘንግ በመሣሪያው መነጽር ሲታይ ቁጥሩ ይወዛወዛል። በግድ ብንቀጥል ንባቡ ይሳሳታል። ስለዚህ እናቆማለን። ያረፍነው ከስንፍና አልነበረም፣ ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ነው። ዋርካ ሥር ተቀምጠን በሶ እንበጠብጣለን፣ ምሳ ዕቃውን እንከፍታለን፣ እንጎራረሳለን። ከሾፌሩ እስከ አለቃው ከአንድ ክዳን ላይ ነው የሚበላው። ዛሬ ቢሮ ስገባ ወጣቶች ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው በአንድ እጃቸው ሲበሉ አያለሁ። ምን እንደበሉ እንኳ አያውቁትም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል ያገሬ ሰው። እባካችሁ ምሳ አብራችሁ ብሉ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ብሉ። ከሰዓት በኋላ ያለው ሥራችሁ ይቃናል።

ደግሞ አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጣርማበር ላይ ነበርን። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው የመኪና ዋሻ ያለው እዚያ ነው። የ4 ኪሎ ሜትር ዙር ለክቼ ወደ ተነሳሁበት ነጥብ ተመለስኩ። ቁጥሩ መግጠም አለበት። የተፈቀደልን ስህተት 24 ሚሊ ሜትር ነበር። የእኔ በ36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሳተ። አለቃዬ በሰው ፊት ደብተሬን ወረወረው።

ማታ ድንኳን ውስጥ ፋኖስ አብርቼ ቁጭ አልኩ። ሥራውን ልተወው ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል። የካምፑ ሒሳብ ያዥ ዝንጅብል የገባበት ሻይ በሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ። ስለ ቅየሳ አንድም ነገር አያውቅም። ደብተሩን አየና "36 ለ9 ይካፈላል" አለኝ። "እኛ ጋ ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ ሁለት ቁጥር ተገላብጦ ተጽፏል ብለን ነው የምንጠረጥረው።" ሻያችንን እየጠጣን ገጽ በገጽ ሄድን። 36 ማለት 9 አራት ጊዜ ስለሆነ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ቁጥሮች መካከል ልዩነቱ 4 የሆነበትን ንባብ ሁሉ ምልክት አደረግንበት። አምስት ሆኑ። በማግስቱ ጉሙ ሲገለጥ ወጥቼ እነዚያን ቦታዎች ደግሜ ለካሁ። ሦስተኛው ላይ ተገኘ። 1.487 የነበረውን 1.847 ብዬ ጽፌዋለሁ። ዙሩ በ7 ሚሊ ሜትር ዘጋ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ግን ይበልጥ የማስታውሰው ሻዩን ነው። ብርጭቆው መዳፌን ሲያሞቀው። ያ ሰው ሊያስተምረኝ አልመጣም፣ ብርዱ ላይ ብቻዬን መቀመጤ አላስችል ብሎት ነው። ሥራ ቦታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ጥበቃው ሊሆን ይችላል፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ልትሆን ትችላለች። ስሟን ታውቃላችሁ? ከቶናው በፊት ተነስታችሁ አትሩጡባት። ጤና አዳሙን ሲኒው ውስጥ ጣል አድርጉና ሁለት ቃል ተጨዋወቱ።

አንድ ነገር እንዳታምታቱብኝ። ይህ ሁሉ የደመወዝ ምትክ አይደለም። የሠራችሁበትን የከለከላችሁ ሰው "ትንሽ ነገር ያስደስታችሁ" ቢላችሁ አትስሙት። መብታችሁን ጠይቁ። ቤት ኪራይ በሻይ አይከፈልም። እኔ የምለው፣ ደመወዙ ቢያንስም ቢጨምርም ቀኑ ውስጥ ያለውን የራሳችሁን ድርሻ አትተዉት ነው።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ፤ እንዴት ቻልኩት?

የቀያሽ ደብተር ገጹ በዓምድ የተከፈለ ነው። በስተግራ ንባቡ፣ መሃል ከፍታው ይጻፋል። በስተቀኝ ጫፍ ማስታወሻ የሚባል ዓምድ አለ። እዚያ የሚጻፈው ችካሉ የት እንዳለ ነው፤ ከጥዱ ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ የመሳሰለው። ለሥራው ከማስረክበው ሌላ የግሌ ግልባጭ ነበረኝ። በእሱ ላይ፣ ከዚያ ከሻዩ ሌሊት ጀምሮ፣ በቀኙ ዓምድ አንድ ነገር መጨመር ለመድኩ። በዚያ ቀን ደስ ያለኝን በሁለት በሦስት ቃል። ማታ ማታ ሳይሆን እዚያው፣ ችካሉ ላይ ቆሜ። ልማዱ አንድ ነገር አደረገልኝ። የምጽፈው እንዳላጣ ጠዋት ወጥቼ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ። እናንተም ስልካችሁ ላይ ይሁን አጀንዳ ላይ እንዲህ ያለ ዓምድ ክፈቱ። ረጅም አትጻፉ።

ልጅቷ ከጠየቀችኝ በኋላ ደብተሮቹን ከሣጥን አወጣኋቸው። ቁጥሮቹ ዛሬ ለማንም አይጠቅሙም። ችካሎቹ የሉም፣ መለኪያውም ተቀይሯል። የቀኙ ዓምድ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ጥቂቱን ልገልብጥላችሁ።

ችካል 9። ከድንጋይ አጥሩ ጥግ። ሴትዮዋ እርጎ ሰጡን።

ችካል 17። ዋርካው ሥር። ስታፍ ያዡ ሲያንጎራጉር ድምፁ እንዴት ያምራል።

ችካል 22። ከጥዱ በላይ። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው አለፉ።

ችካል 31። ድልድዩ ጫፍ። አደይ ወጥታለች።

ችካል 40። ደብረ ሲና መውረጃ። ጉም ነው፣ ስታፉ አይታይም፣ አልተነበበም። ትኩስ የገብስ ቆሎ ገዝተን ተቀምጠን በላን።