መልስ፦ የዳክዬ በረራን በአንድ ምስል ማዋሃድ

ወንድሜ፣ ቢሾፍቱ ጨለለቃ ሐይቅ ላይ የአንዲት ዳክዬን በረራ በተከታታይ ያነሳሃቸውን ፎቶዎች በአንድ ምስል ስታዋህድ የሰማዩ ቀለም ለምን እንደሚለያይ ጠይቀሃል። መፍትሔው ፎቶሾፕ ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ ነው። ካሜራው አውቶ ላይ (ራሱ እንዲወስን) ከሆነ ዳክዬዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ብርሃኑን እንደገና ይለካል። ማንዋል አድርገው (ብርሃኑን አንተ ወስን)፤ ኋይት ባላንሱንም፣ ማለትም የቀለም ሚዛኑን፣ ቆልፈው። የሹተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነቱ ከ1/2000 ሰከንድ ባይዘገይ ይሻላል፤ አለዚያ የክንፏ ጫፍ ይደበዝዝብሃል። ካሜራው እንዳይነቃነቅ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ግድ ነው።

ዳክዬ የምትነሳው ንፋሱን ፊት ለፊት ተቀብላ ነው። ንፋሱ ከጎንህ በሚነፍስበት በኩል ቁም፤ ያኔ ፍሬሙን (ካሜራው የሚያየውን ክፍል) አቋርጣ ታልፋለች። ግን አደራ፣ ድንጋይ ወርውረህ አታስነሳቸው! ከአውሮፓ ድረስ በርረው የመጡ አሉ፤ ጉልበታቸው ያስፈልጋቸዋል።

ስታዋህድ ክንፎቹ እንዳይደራረቡ ጥቂቶቹን ብቻ ምረጥ። ሰማዩ ነጣ፣ ወፏ ጠቆር ካለች ፎቶሾፕ ላይ ሌየሮቹን (የተደራረቡትን ፎቶዎች) ጠቆር ያለውን ብቻ በሚያሳየው "ዳርከን" ላይ አድርጋቸው፤ ያለ ማስክ (የፎቶውን ከፊል መሸፈኛ) ሁሉም ይታያሉ። ውሃ ላይ ግን አይሠራም፣ ሞገዱ በየፎቶው ይለያያል። እዚያ በለስላሳ ብሩሽ ማስክ አድርግ፤ ነጸብራቋንም አብረህ ያዝ። ነጸብራቅ የሌላት ዳክዬ ወዲያው ታስታውቃለች። ስትለጥፈውም የተዋሃደ ምስል መሆኑን ጻፍበት።