ሽምብራው ጫማ ውስጥ ነው የሚገባው

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ለተግባር ትምህርት ሽምብራ፣ ጥጥ፣ ፋሻና ቢጫ ላስቲክ ይዛችሁ ኑ ስላችሁ አንዷ «ሲስተር፣ ንፍሮ ልንቀቅል ነው?» ብላ አስቃን ነበር። ሽምብራው ጫማችሁ ውስጥ ገባ፤ ጥጡ ጆሯችሁ ውስጥ። ጉልበታችሁ በፋሻ ተጠፈረ፣ ጣቶቻችሁ ሁለት ሁለት ሆነው በፕላስተር ታሰሩ፣ መነጽራችሁ ላይ ቢጫው ላስቲክ ተለጠፈ። ይህ ሁሉ በዕድሜ የደከመ ሰውነት ምን እንደሚመስል ለጥቂት ደቂቃ እንድትቀምሱት ነው። ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ልብስ አለ። እኛ ያለነው ቃሊቲ ነው፤ ሽምብራ ከጉሊት አይጠፋም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፓትሪሺያ ሙር የምትባል አሜሪካዊት ዲዛይነር በ1979 እ.ኤ.አ. ገና በ26 ዓመቷ እንደ ሰማንያ ዓመት ባልቴት ለብሳ፣ ዓይኗን አደብዝዛ፣ ጆሮዋን ደፍና፣ እግሯን አስራ ከተማ ለከተማ ዞራለች። እናንተን ያዞርኳችሁ ከክፍል እስከ ካርድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሻችሁ በስልክ እየተቀራረጻችሁ።

ሳቁ የቆመው ብር ላይ ነበር። ከመስከረም 2013 ወዲህ ያለው 100 ብር ሰማያዊ፣ 200ው ሐምራዊ ነው። ያ ፈጣኑ ልጃችን መቶ አወጣሁ ብሎ ሁለት መቶ ሰጠ፤ መልሱንም ሳይቀበል ሊሄድ ነበር። የዓይን ሌንስ ሲያረጅ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀረዋል። ስለዚህ አባባ መስኮቱ ጋ ቆመው ብራቸውን ሲያገላብጡ ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርም እናንተ እንኳ አብራችሁ አታጉረምርሙ።

ጆሮም እንደዚሁ። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ ቀድሞ የሚያመልጠው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ የመሳሰለው። ስትጮኹ ደግሞ ድምፃችሁ ይቀጥናል፤ ጩኸታችሁ ይደርሳቸዋል፣ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። ፊት ለፊት ሁኑና ወፈር ባለ ድምፅ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።

እኔ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አልነበረም። ጀማሪ ነርስ ሳለሁ አንዲት እናት ውኃ አልጠጣም ብለው አስቸገሩኝ። ኪኒናቸውን በአንድ ጉንጭ ይውጡና ብርጭቆውን ይመልሱልኛል። ካርዳቸው ላይ «አይተባበሩም» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ሌሊት ተረኛ ሆኜ ግድግዳውን እየዳበሱ ሲወጡ አገኘኋቸው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ መብራት የለውም፤ ዝናብ ጥሏል። «ልጄ፣ ከጠጣሁ መሄዴ ነው፤ ከሄድኩ መውደቄ ነው» አሉኝ። አልጋቸው ሥር ፖፖ ማኖር ለሁለት ሌሊት አልታሰበኝም። የጻፍኩትንም አልሰረዝኩትም፤ ለምን እንዳልሰረዝኩት እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ ያቅተኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከልምምዱ በኋላ ጻፉ ብያችሁ ከሰበሰብኩት ወረቀት አብዛኛው «ሽማግሌዎች ያሳዝናሉ» ይላል። ለዚህ አይደለም እግራችሁን ያስቆረቆርኩት። እናንተ ሃያ ደቂቃ ነው የለበሳችሁት፤ አዛውንቶቹ ግን ዓመታት ኖረውበት መላ አበጅተውለታል። ካሳዘኗችሁ ደግሞ የገዛ ነገራቸውን ከእጃቸው መንጠቅ ይከተላል፦ ነጠላቸውን እናንተ ታጣፋላችሁ፣ ማንኪያውን እናንተ ትይዛላችሁ፣ የሕመማቸውንም ነገር ልጃቸውን ትጠይቃላችሁ። ፊት ለፊታችሁ ተቀምጠው! መጀመሪያ «እማማ፣ ላግዝዎት?» በሉ። አይ ካሉ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ። ወረፋው እንደሚያስጨንቃችሁ አጥቼው አይደለም።

ከአልጋ ስታስነሱም አትጎትቱ። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። የደም ግፊታቸውን ተኝተው ሳሉ ለኩ፣ ከቆሙ በኋላም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ድገሙት፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መልሳችሁ አስቀምጧቸውና ለሐኪሙ ንገሩ።

ለማክሰኞ የቤት ሥራ አለ። ከቤታችሁ ወይም ከሰፈራችሁ አንድ አዛውንት ፈልጉና 100ና 200 ብርን እንዴት እንደሚለዩ ጠይቁ። እኔ ጎረቤቴን ጠይቄያቸው 200 ብር እጃቸው እንደገባ አንዱን ጥግ እንደሚያጥፉት አሳዩኝ። ከማጠፋቸው በፊት 200 መሆኑን ማን እንደሚነግራቸው ብጠይቅ «ባለሱቁ ነዋ፣ እሱ አያታልለኝም» አሉኝ።

ሽምብራውን ደግሞ አትድፉት፤ ሁለተኛው ምድብ ሐሙስ ይፈልገዋል።