የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጣፋጭ የፍራፍሬ ሩም በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ አንድ ወዳጄ አናናስ የተዘፈዘፈበት ነው የተባለ ጣፋጭ ሩም በስጦታ ሰጠኝ። ቤት ውስጥ ሆነን ስንቀምሰው በሁለት ወገን ተከፈልን። እንግዶቹ «እንዲህ ያለ ለስላሳ ሩም አይተን አናውቅም» ሲሉ፣ ባለቤቴ ግን «ይሄ ጭማቂ እንጂ ሩም አይደለም» ብላ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እኔ ጣፋጭ ነገር ስለምወድ የራሴን ፍርድ አላምነውም። ጣፋጭነቱ ሳያታልለኝ ጥሩውን ከመጥፎው የምለይበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ፍርድዎን መጠራጠርዎ ተገቢ ነው፤ ስኳር ምላስን ደስ ከማሰኘቱ ባሻገር የሚሸሽገው ብዙ ነውና። የአልኮልን ማቃጠል ያበርዳል፣ ምሬትን ይሸፍናል፣ ገና ጥሬ የሆነ ወይም በግዴለሽነት የተጣራ ሩም ጉሮሮን የሚቧጥጥበትን ሻካራነት ያለዝባል። ስለዚህ አንድ ጣፋጭ ሩም «ለስላሳ ነው» ሲባል፣ ልስላሴው ከአጣሪው ሙያ ይሁን፣ በበርሜል ውስጥ ከቆየበት ጊዜ ይሁን፣ ወይስ በመጨረሻ ከተጨመረው ሽሮፕ ገና አልታወቀም። ይህን ስል ግን ስኳር መኖሩን እንደ ጥፋት ቆጥሬ አይደለም። ጣፋጭ እንዲሆን ታስቦ የተሠራን መጠጥ ጣፈጠ ብሎ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ጣፋጩ ሲቀንስ ከሥሩ ሩምም ፍሬም ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ከመቅመስዎ በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ መጠጡ የሚመዘነው በራሱ መደብ ነውና። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ (እ.ኤ.አ. 2019) መሠረት በደፈናው «ሩም» ተብሎ የሚሸጥ መጠጥ አልኮሉ ከ37.5 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ማጣፈጫውም በሊትር ከ20 ግራም መብለጥ የለበትም፤ የፍራፍሬም ሆነ ሌላ መዓዛ ሊጨመርበት አይችልም። በሊትር 100 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር የያዘው፣ አልኮሉም ቢያንስ 15 በመቶ የሆነው መጠጥ ሊኬር ይባላል። በአሜሪካ ደግሞ ጣዕም የተጨመረበት ሩም የራሱ መደብ ያለው ሲሆን ዝቅተኛው የአልኮል መጠን 30 በመቶ ነው። በኮኮናት ጣዕሙ የሚታወቀው ማሊቡ 20 በመቶ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ከ40 በመቶ ሩም ጋር አሰልፎ «ደካማ ነው» ማለት ሁለቱንም አለማወቅ ነው። በአውሮፓው ደንብ ፊት ክርክሩ ቢቀርብ፣ እንግዶችዎን ቅር ቢያሰኝም፣ ባለቤትዎ ሳያሸንፉ አይቀሩም።

ወደ ቅምሻው ስንመጣ፣ ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡና 20 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱ። በረዶ አይጨምሩ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠብቁ። ቅዝቃዜ መዓዛን ያፍናል፣ ጣፋጭነትንም ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ሲቀዘቅዝ ልክ የመሰለው መጠጥ ለብ ሲል እንደ ሽሮፕ የሚሰለቸው ለዚህ ነው። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ በዝግታ የሚወርዱትን ጠብታዎች እያዩ «ጥራቱ ያስታውቃል» የሚሉ አሉ። ጠብታዎቹ የሚናገሩት ስለ አልኮሉና ስለ ስኳሩ መጠን እንጂ ስለ ጥራት አይደለም። ቡናማው ቀለምም ቢሆን የዕድሜ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የተቃጠለ ስኳር ለማቅለሚያነት በብዙ አገር የተፈቀደ ነው።

ሲያሸቱ አፍዎን ትንሽ ከፈት አድርገው ብርጭቆውን ከአገጭ በታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ አፍንጫ ያቅርቡት፤ በአንዴ ጥልቅ ካሉበት አልኮሉ ሰንፍጦ ሌላውን ሁሉ ይዘጋብዎታል። መጀመሪያ የሚመጣው የፍሬው ሽታ ነው። እሱ እስኪረጋ ይታገሡና ከኋላው የሚመጣ ነገር ካለ ይፈልጉ፤ የሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፈውና ሩም የሚሠራበት ጥቁር ዝልግልግ)፣ የእንጨት፣ የቫኒላ፣ ወይም ትኩስ የሸንኮራ አገዳ ጠረን። ከፍሬው ሽታ በስተጀርባ ምንም ካልመጣ፣ ወይም የመጣው የሕክምና አልኮል የመሰለ ባዶ ሽታ ከሆነ፣ መጠጡ ግማሹን ፈተና ወድቋል።

ከዚያ ትንሽ ፉት ብለው በምላስዎ ላይ ያንከባሉት። የመጀመሪያውን ጉንጭ ለፍርድ አይቁጠሩት፤ አፍን ከማዘጋጀት ያለፈ ጥቅም የለውም። በሁለተኛው ጉንጭ ጣፋጭነቱ መቼ እንደመጣና መቼ እንደሄደ ይከታተሉ። በጥሩ መጠጥ ጣፋጩ ቀድሞ ይመጣና የፍሬው ኮምጣጣነት ያርቀዋል፤ በመጨረሻም የሩሙ ሙቀትና ጥቂት ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሚዛኑ የተበላሸው ግን መጀመሪያም፣ መሀልም፣ መጨረሻም ያው ጣፋጭ ነው፤ ከተዋጠ በኋላም ጥርስና ድድ ላይ እንደተለጠፈ ይቆያል።

ትልቁ ፈተና ውኃ ነው። መጠጡ 40 በመቶ ገደማ ከሆነ እኩል ውኃ፣ 20 በመቶ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የመጠጡን ሲሶ ያህል ውኃ ጨምረው እንደገና ይቅመሱት። ውኃ ስኳሩን ያሳሳዋል፤ የተሸሸገው ጉድለትም ሆነ ሙያ ያኔ ይወጣል። አንዳንዱ ሩም በውኃው ይበልጥ ይፈታና ፍሬውም እንጨቱም ለየብቻ ይታወቃሉ። አንዳንዱ ደግሞ ውኃ ሲነካው የተበረዘ ሻይ ያህል እንኳ ጣዕም አይቀረውም።

ጣፋጭ ወዳድነትዎ የሚያሰጋዎት ከሆነ ሌላም ዘዴ አለ። ምንም ያልተጨመረበት ተራ ሩም ይፈልጉና በ100 ሚሊ ሊትሩ 10 ግራም ስኳር ያሟሙበት፤ በሊትር ወደ 100 ግራም ይጠጋል። ካነሰ እየጨመሩ ከስጦታዎ ጋር በጣፋጭነት እስኪስተካከል ያድርሱት፤ ከዚያ ሌላ ሰው ከሁለቱ አንዱን በሁለት ብርጭቆ፣ ሌላውን በአንድ ብርጭቆ እርስዎ ሳያዩ ይቅዳልዎት። ልዩ የሆነውን ካገኙ በኋላ ለምን እንደመረጡት ወይም እንደጠሉት ይጻፉ። ስኳሩ እኩል ስለሆነ፣ የወደዱት ነገር ስኳር ያልሆነ ሌላ ነገር መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ወይም ደግሞ ስኳሩን ብቻ ይወዱ እንደነበር ይደርሱበታል። በጣፋጭ መጠጥ ምላስ ፈጥኖ ስለሚደነዝዝ በየመሀሉ ውኃ ይጎንጩ፤ ብዙ ዓይነት የሚቀምሱ ዳኞችም የቀመሱትን ይተፉታል።

ስለ አናናሱ አንድ ነገር ልጨምር። የፍሬ ጣዕም በሩም ውስጥ የሚገባበት መንገድ በቅምሻ ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው «ስቲጊንስ ፋንሲ» የተባለው የአናናስ ሩም ሲዘጋጅ፣ ልጣጩ በነጭ ሩም ተዘፍዝፎ እንደገና ይጣራል፤ ሥጋው ደግሞ በጥቁር ሩም ይዘፈዘፋል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ይቀላቀላሉ። እንዲህ ያለው ድካም ትርፍ አይደለም፤ የአናናስ ልጣጭ ኃይለኛ ጠረን አለው፣ ሥጋው ደግሞ ጭማቂውንና ኮምጣጣነቱን ይሰጣል። በእርስዎ ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱም ከተሰሙ በጎ ምልክት ነው። ከረሜላ ከረሜላ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ፍሬ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ማታ ቀምሰው ሲጨርሱ ብርጭቆውን ሳያጥቡ ያሳድሩት። ጠዋት አልኮሉ ተኖ የቀረውን ያሽትቱ፤ ጥሩ ሩም በባዶ ብርጭቆ ውስጥ እንጨትና ሞላሰስ ትቶ ያድራል።

ጥያቄ፦ ምንም ፍሬ አልተጨመረበትም የተባለ ሩም ቀምሼ ሙዝ ሙዝ ሸተተኝ። ሻጩ ዋሽቶኛል?

መልስ፦ የግድ አልዋሸም። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ወይም ሞላሰስ በእርሾ ሲብላላ ኤስተር የሚባሉ መዓዛ ሰጪ ውህዶች ይፈጠራሉ። ከእነዚህ አንዱ አይሶአሚል አሲቴት በሙዝ ውስጥ ዋነኛው መዓዛ ነው፤ ኢታይል ቢውቲሬት ደግሞ አናናስን ያስታውሳል። ለዚህ የሚጠቀሱት የጃማይካ ሩሞች ናቸው፤ እዚያ መብላላቱ ረዥም እንዲሆን ስለሚደረግ፣ በአንዳንዶቹ የኤስተሩ መጠን በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል ወደ 1,600 ግራም ይጠጋል። እንዲህ ያለው የፍሬ ሽታ ከተጨመረው የሚለየው ብቻውን ስለማይመጣ ነው፤ ከሙዙ ጋር በጣም የበሰለ፣ ሊበላሽ የተቃረበ ፍሬ፣ አንዳንዴም የሙጫ ዓይነት ጠረን ይከተላል። የተጨመረ መዓዛ ግን ንጹሕና አንድ ወጥ ሆኖ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ስለ ስኳር ምንም አይልም። መጠኑን ራሴ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ በግምት ይችላሉ። የፊንላንድና የስዊድን የመንግሥት መጠጥ ሻጮች፣ አልኮና ሲስተምቦላጌት፣ የሚሸጧቸውን መጠጦች የስኳር መጠን ስለሚያሳውቁ መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ካልተገኘ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፈውን የአልኮል መለኪያ፣ ሃይድሮሜትርን፣ ይጠቀሙ። መሣሪያው የተሠራው ለአልኮልና ለውኃ ብቻ ስለሆነ፣ ስኳር ፈሳሹን ሲያከብደው ንባቡ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ይሆናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲለካ፣ 40 በመቶ አካባቢ ባለ መጠጥ የአንድ በመቶ ልዩነት በሊትር ወደ 4 ግራም ስኳር ያመለክታል፤ ስለዚህ 40 የተጻፈበት ጠርሙስ 32 ቢያነብ 32 ግራም ገደማ አለው ማለት ነው።

በጣም ጣፋጭ በሆነና አልኮሉ ዝቅተኛ በሆነ መጠጥ ላይ ግን መሣሪያው ጨርሶ አያነብም። ያኔ 50 ሚሊ ሊትር በተመዘነ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሰው፣ ከእሳት ርቆ ሞቅ ባለ ቦታ እስኪደርቅ ይተዉትና የቀረውን ይመዝኑ፤ ግራሙን በ20 ሲያባዙት የሊትሩን ያገኛሉ። ዝልግልጉ ጥቂት ውኃ ይዞ ስለሚቀር ውጤቱ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ይላል።