ለጣቢያ ለሚቀርብ ፕሮግራም ኤዲቲንግ፦ መጀመሪያ የጣቢያውን ስፔክ (የሚቀበለውን ፋይል ዝርዝር መስፈርት) በወረቀት ያዝ

ወንድሜ፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያ በየሳምንቱ ተቀርጾ የሚገባ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ልትጀምሩ መሆኑን፣ ቢሯችሁ ኢንተርኔት እንደማያስተማምን ጽፈህ ከቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮቹ ፕሪሚየር፣ ዳቪንቺ ወይስ ኤዲየስ ይሻላል ብለሃል። እኛም አዲስ አበባ ላይ በዚሁ ጥያቄ ነው የጀመርነው፤ ያየሁትን ልንገርህ።

1. ሶፍትዌር ከመምረጥህ በፊት ጣቢያው የሚቀበለውን ፎርማት በጽሑፍ አስወጣ። በቃል «ፉል ኤችዲ አምጡ» ቢሉህ እሺ እንዳትል። እኛንም ያሉን ይህንኑ ነው። ሃርድ ዲስኩን ይዘን ስንሄድ ተረካቢው ጥቂት አየት አድርጎ «ቴክኒካል ችግር አለው» ብሎ መለሰልን። ምኑ ላይ ነው ብንለው «ባለሙያዎቹ እናንተ አይደላችሁ እንዴ?» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ሌሊቱን ፋይሉን እንደገና ሬንደር አድርገን (ኮምፒውተሩ ቪዲዮውን አቀናብሮ እንዲያወጣው አድርገን) ብንመለስም መልሱ ያው ሆነ። ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ቀረ፤ ስፖንሰሩም ክፍያውን ያዘብን። አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጡን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል!

በኋላ ነገሩን የነገረን ኮሪደር ላይ ያገኘነው አንድ ቅን ቴክኒሺያን ነው። የሚፈልጉት 1080 ኢንተርሌስድ (እያንዳንዱ ፍሬም ተራ በተራ በሚታዩ ሁለት ግማሾች፣ ማለትም ፊልዶች፣ የተከፈለበት)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ አፐር ፊልድ ፈርስት (የላይኛው ፊልድ ቀድሞ የሚታይበት)፣ በሰከንድ 50 ሜጋቢት በሆነ ኤክስዲካም በሚባለው የጣቢያዎች ቪዲዮ ፎርማት የወጣ ኤምኤክስኤፍ የተባለ የፋይል ዓይነት ነበር። የእኛ ፋይል ላይ የፊልዶቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ይህ ደግሞ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ቴሌቪዥን ላይ ግን መኪና ሲያልፍ ወይም ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ጠርዙ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከውድ ሞኒተር ይልቅ እንደ ዴክሊንክ ሚኒ ሞኒተር ያለ የማሳያ ካርድ ግዛና ሥራህን በእውነተኛ ቴሌቪዥን እያየህ ጨርስ። እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ አንድም ፋይል አልተመለሰብንም።

2. 25 ፍሬሙ ከካሜራው ይጀምር። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (በሰከንድ 30 ገደማ ፍሬም በሚቀርጸው የአሜሪካ ሥርዓት) ላይ ሆኖ ይመጣል፤ ሜኑው ውስጥ ገብተህ ወደ ፓል (ወደ ባለ 25ቱ) ቀይረው። በ30 የተቀረጸ ወደ 25 ሲወርድ ከየስድስቱ አንድ ፍሬም ይጣላል፣ ካሜራው ሲዞር ምስሉ ይዘላል። ሻተሩንም (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርገው፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ቢሮ ውስጥ ስትቀርጽ ብልጭልጩ ይቀርልሃል። በስልክ የተቀረጸ ካለ የፍሬሙ ቁጥር ስለሚዋዥቅ ወደ ቋሚ 25 ሳትቀይር ታይምላይን (ክሊፖቹን የምትደረድርበት ቦታ) ላይ አታስገባው፤ ድምፁ ከከንፈሩ ይለያያል።

3. አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ፕሪሚየርም ኤዲየስም ያልኩህን ፋይል ያወጣሉ። ፕሪሚየር ግን ኪራይ ነው፦ ክፍያው በዶላር ነው፣ ፈቃዱንም በየጊዜው በኢንተርኔት ያረጋግጣል፤ ለእናንተ ቢሮ አይሆንም። ክራኩንም (የተሰበረውን ሕገወጥ ቅጂ) ውል ባለው ሥራ ላይ አታስገባ። ዳቪንቺ ስቱዲዮ 295 ዶላር አንዴ ተከፍሎ ያንተ ይሆናል፤ ባለ ዶንግሉን (ፈቃዱን የያዘ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ቁልፍ ያለውን) ከወሰድክ ኢንተርኔት አይጠይቅህም። ብቻ መጀመሪያ ለጣቢያህ የሚሆነውን ፎርማት ማውጣቱን አረጋግጥ። እኛ ኤዲየስ ላይ ነን። የተለያየ ካሜራ ምስል ሲቀላቀል ሬንደር ሳይጠይቅ ያጫውታል፣ ኢንተርሌስድ ላይም የሚያህለው አላየሁም። ለቀለም ሥራ ግን ዳቪንቺን አይደርስበትም።

የአማርኛ ጽሑፉን ነገር ሁሉም ይረሳዋል። ዩኒኮድ ፎንት (የትም ብትገለብጠው የግዕዝ ፊደሉ የማይለወጥ) ብቻ ተጠቀም፤ ሪፖርተሩ በድሮ ፓወር ግዕዝ (ዩኒኮድ ባልሆነ የአማርኛ መጻፊያ) የጻፈውን ስም ስትገለብጠው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቀጫጭን አግድም መስመር ያለው ፎንት ደግሞ ኢንተርሌስድ ላይ ይርገበገባል፤ ወፈር ያለ ምረጥ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ሳትገዛ ኮምፒውተሩን እንዳትከፍት፣ ጥሬውን ቀረጻም ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጥ። ስፔኩን ሲሰጡህ እዚሁ ለጥፈው፤ የኤዲየሱን የኤክስፖርት ሴቲንግ እልክልሃለሁ።