የሩጫ ጥያቄዎቻችሁ፦ «ሲያልፉሽ ዝም በያቸው»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 34 ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ሩጫ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በፊት መስቀል አደባባይ እሮጣለሁ። አሁን ሐዋሳ ላይ ለሚካሄደው ግማሽ ማራቶን (21 ኪሎ ሜትር) ተመዝግቤያለሁ። የመጀመሪያዬ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ 10 ኪሎ ሜትር በ58 ደቂቃ ሮጫለሁ። እንዴት እንደሮጥኩት ግን ልንገርዎት። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ26 ደቂቃ ከነፍኩ፣ ከዚያ ሞትኩ። የሥራ ባልደረባዬ «ሲጀመር ጉልበት እያለሽ ደቂቃ አጠራቅሚ፣ ኋላ መድከምሽ አይቀርም» ይለኛል። ታላቅ እህቴ ደግሞ «አርፈሽ ቀስ ብለሽ ሩጪ» ትላለች፤ እሷ ግን ታክሲ ለመያዝ ካልሆነ ሮጣ አታውቅም። ማንን ልስማ? በ2 ሰዓት መግባትስ እችላለሁ?
ት.፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ እህትሽን ስሚ። ሮጣ ባታውቅም ነገሩ ገብቷታል።

የባልደረባሽ ግን ገርሞኛል። ያውም ባንክ ውስጥ ተቀምጦ! መጀመሪያ ላይ ከአቅም በላይ ሮጦ ደቂቃ ማትረፍ ቁጠባ አይደለም፣ አራጣ ነው። 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ ትበደሪያለሽ፣ 17ኛው ላይ ሦስት አድርገው ይቀበሉሻል። አንቺም ቀምሰሽዋል። በ26 ደቂቃ ሄደሽ በ32 ነው የተመለስሽው።

እኔም ከፍያለሁ። የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኔን የሮጥኩት በ41 ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ክለብ ገብቼ ትንሽ ሞካክሬ ስለነበር ራሴን ሯጭ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። የጎዳኝም ይሄው ነው። መነሻው ላይ በ15 ዓመት የሚያንሱኝ ልጆች መሃል ቆምኩ። ሲለቁን አብሬያቸው ወጣሁ። 5 ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ፣ 10 ኪሎ ሜትር በ51 ደቂቃ ተኩል። እግሬ መሬት የሚነካም አይመስለኝ። 12ኛው ላይ ትንፋሼ ተቀየረ። 15ኛው ላይ ውኃ ሰጡኝ። የሃይላንዱን ክዳን ልከፍት ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ቀልዴን አይደለም። እይዘዋለሁ፣ ይንሸራተታል፤ እይዘዋለሁ፣ ይንሸራተታል። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ «አባባ፣ ያምጡት» ብሎ ተቀብሎ ከፈተልኝ። በ41 ዓመቴ አባባ! የቀረችውን 6 ኪሎ ሜትር 58 ደቂቃ ፈጀሁባት። ግማሹን በእግሬ እየሄድኩ 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ገባሁ።

በዓመቱ እዚያው ውድድር ላይ ተመልሼ ቆምኩ። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ ተኩል ሮጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሰለቻል። ቦርጫም ሰውዬ ሁሉ አልፎኛል። ግን 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባሁ። በልምምድ ነው እንዳትዪኝ፤ በዚያ ዓመት ጉልበቴን አሞኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሮጥኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ሲሮጥ ስብም ስኳርም ያቃጥላል። ስቡ እንደ ከሰል ነው፤ ብዙ አለ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ደግሞ እንደ ጭራሮ ነው፤ ቦግ ይላል፣ ግን ልክ አለው። ፍጥነት በጨመርሽ ቁጥር ጭራሮው ላይ ታበዢያለሽ። በጭራሮ ብቻ ወጥ ልሥራ ብትዪ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ እሳቱ ያልቅብሻል። ክፋቱ፣ መጀመሪያ ላይ ይሄ ሁሉ አይሰማሽም። ለውድድሩ ብለሽ ልምምድ ቀንሰሽ አርፈሻል፣ ሙዚቃ አለ፣ ሰው ይጮሃል፣ ደምሽ ሞቋል። ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እየሮጥሽ ሶምሶማ ይመስልሻል።

አሁን ደግሞ የሐዋሳን ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ የአዲስ አበባ ሯጭ የሚሸወደው እዚያ ነው። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚህ የወረደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሲሮጥ ሳንባው ሰፍቶ ያገኘዋል። «ዛሬማ ቀኔ ነው» ይላል፣ ይለቀዋል። ይሄኔ ፀሐይዋ ቀስ እያለች ትወጣለች። ሐዋሳ ከእኛ ይልቅ ትሞቃለች፣ ሰውነት ደግሞ ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳው ይልካል። እግር የሚደርሰው ይቀንሳል። በሳንባ ያተረፍሽውን በላብ ትመልሺዋለሽ። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ትንፋሽሽ ቀለል ካለሽ ደስ ይበልሽ፣ ፍጥነት ግን አትጨምሪበት።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 2 ሰዓትን ለዚህኛው እርሺው። 2 ሰዓት ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ፣ ያውም 21 ጊዜ ማለት ነው። ያንቺ 58 ደቂቃ ሲካፈል 5 ከ48 ነው፣ እሱም ለ10 ኪሎ ሜትር ብቻ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃን አስቤ ነው የምሄደው። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ6 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሩጪ። ከ5 እስከ 15 ያለውን በ6 ከ5። 15ኛው ላይ ሰዓትሽ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይላል። እዚያ ስትደርሺ እግርሽን ጠይቂው። አለኝ ካለሽ በ5 ከ50 አምጪው፣ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ላይ ትገቢያለሽ። የለኝም ካለሽ በዚያው በ6 ከ5 ቀጥዪ፣ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነው። ልዩነቱን አየሽው? ደቂቃ ተኩል። እኔ በችኮላ ያጣሁት 23 ደቂቃ ነው።

ሰዓት ባይኖርሽም መለኪያ አለ። በመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ሳታቋርጪ ማውራት መቻል አለብሽ። እኔ እንደ ወያላ እጣራለሁ፦ «ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት!» በአንድ ትንፋሽ ከወጣልኝ ልክ ነኝ። ሜክሲኮ ላይ አየር ካጠረኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ይየኝ።

ባልደረባሽ «ይሄ የፈሪ አሯሯጥ ነው» ካለሽ ይሄን ንገሪው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የሴቶችን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ66 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ65 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው የሮጠችው። ሁለተኛው በ47 ሰከንድ ይፈጥናል። እሷን ፈሪ የሚል ይምጣና እንየው። ምሩጽ ይፍጠርንም «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው መጨረሻ ላይ የሚያወጣው ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ሲያጠልቅ ተፎካካሪዎቹን ጥሏቸው የሄደው መጨረሻው ላይ ነው። እኛ ቲቪ ፊት ቁጭ ብለን «ዙሩ ከረረ!» ስንል ደስ የሚለን የመጨረሻው ዙር ነው። ራሳችን ስንሮጥ ግን ዙሩን የምናከርረው ገና ከመነሻው ነው።

ልምምዱን ከተማው ራሱ ያስተምርሻል። እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመስቀል አደባባይ ተነሺ። በስታዲየም ወደ ለገሃር፣ ከዚያ የቸርችልን ዳገት ይዘሽ ወደ ፒያሳ። ዳገቱ ላይ ሰዓትሽን አትዪ፣ ፍጥነትሽ ይውረድ፣ ትንፋሽሽ ግን እንዳለ ይሁን። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ታጥፊያለሽ። ድሮ እዚያ መሮጥ ከጉድጓድና ከቆመ መኪና ጋር መጋፋት ነበር፤ አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ፣ በሂልተን አድርጎ እስከ አደባባዩ ቁልቁለት ነው። ዙሩ የሚከረው እዚያ ላይ ነው። (ቤተ መንግሥቱ ጋ ሰልፊ ለመነሳት እንዳትቆሚ፣ ጠባቂዎቹ አይወዱም።) መጀመሪያ ዳገት፣ መጨረሻ ቁልቁለት ስለሆነ ሳትወጂ በግድሽ ቆጣቢ ትሆኛለሽ። በተቃራኒው አቅጣጫ አትሩጪው፤ ቁልቁለቱ ያባልግሻል።

በሥራ ቀን እርከኖቹ ላይ ስትሮጪ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተለማመጂ፤ ሲያልፉሽ ዝም ማለትን። የመስቀል አደባባይን እርከን ታውቂዋለሽ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሮጫለሽ፣ አንድ እርከን ትወጫለሽ፣ ትመለሻለሽ። እዚያ ቀጫጭን ልጆች በሦስት በአራት ሆነው፣ አንድ ዓይነት እርምጃ እየረገጡ፣ ከጎንሽ ሹልክ ይላሉ። ኮቴያቸው እንኳ በቅጡ አይሰማም። የሰው ልብ ይሄኔ ይነሳል። እግርሽ ሳታዢው አብሮ ሊፈጥን ይላል። ያዢው። የሚያልፍሽ ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ቲቪ ላይ የምታጨበጭቢለት ሊሆን ይችላል፣ በእሱ መበለጥ ምንም አይደለም። ይሄን አደባባዩ ላይ ካልቻልሽው ሐዋሳ ላይ አትችይውም።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። የለመድሽውን ብዪ፣ አዲስ ነገር አትሞክሪ። ማታ ሽሮ እንዳታበዢ፣ ጠዋት ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀረው ዳቦ በማርና አንድ ሙዝ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለገሃርና ሰንጋ ተራ አካባቢ ስሮጥ የእጅ ሰዓቴ አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ፣ ቀጣዩን በ7 ደቂቃ ሮጠሃል ይለኛል። እኔ ግን እኩል ነው የሮጥኩት። ተበላሽቶ ነው?
ዳ.፣ ከቂርቆስ

መልስ፦ አልተበላሸም። ሰዓቱ ቦታህን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ምልክቱ የባንኮቹ ፎቅ መስታወት ላይ ነጥሮ ሲደርሰው ሰዓትህ አንተን መንገዱ ማዶ ያስቀምጥሃል። እዚያ ሰፈር ስትሮጥ ትንፋሽህን እመን። ውድድር ላይ ደግሞ የኪሎ ሜትር ምልክቱን ባለፍክ ቁጥር የዙር ቁልፉን በእጅህ ተጫን። ግማሽ ማራቶኑ ሲያልቅ ሰዓትህ 21.0975 ኪሎ ሜትር ሳይሆን 21.3 ወይም 21.4 ቢልህ ከአዘጋጆቹ ጋር አትጣላ። ኩርባውን ሁሉ በውጭ በኩል ስለዞርክ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግማሽ ማራቶን ላይ ውኃ የሚታደልበት ጋ ስደርስ በእግሬ ብሄድ ያሳፍራል? ጓደኞቼ ይስቁብኛል።
ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ይሳቁ። ከመጀመሪያው ጣቢያ ጀምረህ ሃያ ሃያ እርምጃ እየተራመድክ ጠጣ፤ ሳይደክምህ ማለቴ ነው። እየሮጥክ ስትጠጣ ግማሹ ደረትህ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ሌላው ያስልሃል። ሃያ እርምጃ የሚያስከፍልህ ጥቂት ሰከንድ ነው። ከደከመህ በኋላ በእግር መሄድ ከጀመርክ ግን እንደገና መሮጡ መከራ ነው። ፕላስቲኩን ይዘህ የምትሮጥ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ገና መነሻው ላይ ሳለህ አላላው።